ሦስት ባልዲ ለከርከዴ

ባለፈው እሁድ ስብሰባችን ላይ ጣሪያው ላይ ያሉት ባልዲዎች ለጎመንና ለበሶብላ ብቻ ይሁኑ ተባለ። እኔ «ከርከዴም ይጨመር» ስል ሳቃችሁብኝ። አንዷ እህታችን ደግሞ «ሠርተን ልንሄድ ነው የመጣነው፤ አበባ የሚተክለው ሊቀመጥ የመጣ ሰው ነው» አለች። እዛው መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። አሁን ግን ልመልስ።

እኔ ቤይሩት የገባሁት በሁለት ዓመት ኮንትራት ነበር። ይኸው ዘጠነኛ ዓመቴ። በየዓመቱ «ለፋሲካ እገባለሁ» እላለሁ፤ አንዴ የእህቴ ትምህርት፣ አንዴ የእናቴ ሕክምና፣ ከዛ ደግሞ ዶላሩ ጠፋ። ልሄድ ነው እያልኩ የራሴ የምለው አንድ ነገር ሳይኖረኝ የማዳምን አበባ ሳጠጣ ኖርኩ። ከርከዴ የሚጠይቀው ስድስት ወር ገደማ ነው። ስድስት ወር እንደማትቆይ እርግጠኛ የሆነች ካለች እጇን ታውጣ።

ደግሞስ አበባ ብቻ መቼ ሆነ? በመተማ በኩል ያደጋችሁ፣ በሱዳን ያለፋችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እዚህ ቅመም ቤት በግራም የምንገዛው ያው እሱ ነው። የምንጠጣው አበባውን አይደለም፤ አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረውን ቀይ ወፍራም ቅርፊት ነው። የማዳሞቹ ባልኮን ላይ ያለው ትልቁ ቀይ አበባ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ያኛው ዘር ብዙም አይይዝም፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይሻላል።

የከርከዴን ዘር ሌሊቱን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ማሳደር ነው፤ ቆዳው ጠንካራ ነው። ብርዱ ሲያልፍ፣ ሚያዝያ ላይ፣ የለብኔ ባልዲ ሥሩን በስታችሁ አፈር ሙሉና ሁለት ሦስት ፍሬ ግማሽ የጣት አንጓ ያህል ቅበሩ። ሙቀት ካገኘ በሳምንት አካባቢ ብቅ ይላል። ጠንካራዋን አስቀርታችሁ ሌላውን ንቀሉ። ማዳበሪያ አታብዙበት፣ ቅጠል ብቻ ይሆንባችኋል።

እኔን የጎዳኝ መብራት ነው። መጀመሪያ የዘራሁት ማዳም ባልኮን ላይ ነበር፣ አስፈቅጄ። ከእኔ ቁመት በለጠ፤ አበባ ግን የለም። ለካ ይሄ ተክል የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ የባልኮኑ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲበራበት ቀን መስሎት ኖሯል። ሲያብብ ብርዱ ደረሰና አጨደው። በዓመቱ ጨለማ ጣሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ግን ጥቅምት ላይ አበበ። በዚህ አገር መብራት መጥፋቱ የጠቀመው ከርከዴን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር አደራ። ባልዲውን ከባልኮን ብረት ውስጥ፣ ወለል ላይ አድርጉ። ብረቱ ላይ አትስቀሉ፣ ለማጠጣትም ወደ ውጭ አትንጠልጠሉ። ስንት እህት ከባልኮን ወድቃ እንደቀበርን ታውቃላችሁ። ደግሞ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድም ሐኪም ሳትጠይቅ አታዘውትረው።

ዋናው ጉዳዬ ግን የጣሪያው አይደለም። እሁድ የማትወጣዋ ልጅ ናት። እኔ ካለሁበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አለች፤ ቆሻሻ ስታወጣ ደረጃ ላይ ካልሆነ አንገናኝም። ስልኳ ማዳሟ ጋ ነው። አምና ስድስት ፍሬ በሶፍት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ከዛ ወዲህ ስንገናኝ መጀመሪያ የምትነግረኝ ስለ ደመወዟ አይደለም፣ «አራት ቅጠል ሆነች» ነው። ከዛ በኋላ ነው የደመወዙ የመጣው፤ አምስት ወር እንዳልተከፈላት ያወቅነውና ጉዳዩን የያዝነው በዚህ ነው። በባዶ እጄ ሄጄ «ደመወዝ ይከፍሉሻል ወይ?» ብላት ኖሮ ፈርታ በሩን ነበር የምትዘጋብኝ።

ስለዚህ ከጣሪያው ባልዲዎች ሦስቱ ለዘር ይሁኑ። ፍሬው ተክሉ ላይ ቡናማ ሆኖ እስኪደርቅ ይቆይ፣ ዘሩን አራግፈን በየሕንፃችን ላሉት እናድርስ። ለዘንድሮ የሚሆነው ዘር እኔ ጋ አለ፤ አፈሩንም እኔ አመጣለሁ። የፊታችን እሁድ እጅ ይውጣበት። ጎመናችሁን አልነካም።