ታጥሮ የከረመ መሬት ጎመን ያብቅል

በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሀብት የተደረገው፣ መሬት የጥቂቶች መክበሪያ መሆኑ እንዲያከትም ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬም በአዲስ አበባ ለግንባታ ተብሎ በቆርቆሮ የታጠረና አረም የዋጠው ቦታ ማየት ብርቅ አይደለም። ከአጥሩ ውጭ የሰፈሩ እናቶች ከሩቅ ተጭኖ በደላላ እጅ ያለፈ ቲማቲም በውድ ይገዛሉ።

ይህ ቅራኔ የሚፈታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ነዳጅና ማዳበሪያ የተቋረጠባት ኩባ፣ የሃቫናን ባዶ ቦታዎች ያለ ኪራይ ለአልሚዎች ሰጠች። አፈሩ በማያበቅልበት ቦታ ከፍ ያለ መደብ ሠርተው ብስባሽ እየሞሉ ሰላጣና ጎመን አመረቱ፤ ምርቱንም እዚያው ለጎረቤት ሸጡ።

እኛ አጥብቀን የምናሳስበው የጊዜ ዋስትናን ነው። ነገ ዶዘር ይመጣብኛል ብሎ የሚሰጋ የወጣቶች ማኅበር ለብስባሽ አይደክምም፣ የውሃ መስመርም አይዘረጋም። ስለሆነም ለተወሰኑ ዓመታት የሚጸና፣ የቆመው ሰብል ሳይሰበሰብ የማይፈርስ ውል በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ውሃውም ይታሰብበት፤ በተበከለው የአቃቂ ወንዝ የለማ ጎመን፣ ርካሽም ቢሆን፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ማዕድ ይዞ ይገባል።

ቦታውን በሊዝ ይዞ በተሰጠው ጊዜ ያልገነባ ባለይዞታ በዚህ ቅር ቢሰኝ፣ አጥሩን ከፍቶ ግንባታውን ይጀምር።