ያልተቀዱ ምሽቶች

በጣይቱ ሆቴል፣ ጃዛምባ ይባል በነበረው የሙዚቃ ቤት፣ ባንዱ የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሶ ለዕረፍት በወረደበት ሰዓት፣ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ሰው ልብስ ቀለም ሲከራከሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አዳመጥሁ። ሰውየው ዱክ ኤሊንግተን ነው። “ነጭ ነበር የለበሰው” አሉ የአባቴ ወዳጅ። “ሰማያዊ ነው እንጂ! አንተ ከኋላ ቆመህ ምን አየህና!” አሏቸው ባልንጀራቸው። ክርክሩ ባንዱ ተመልሶ መድረክ ላይ እስኪወጣ ድረስ ዘለቀ፤ አልተፈታምም። እኔ በልቤ ሳቅሁ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ለቀረው ምሽት የልብስ ቀለም ምን ይፈይዳል አልሁ።

ዛሬ ግን ሳቁ የለም። የአባቴ ወዳጅ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ባልንጀራቸው ከእርሳቸው ሦስት ዓመት ቀድመው ሄደዋል። ነጭም ይሁን ሰማያዊ፣ ከእንግዲህ የሚከራከርበት ሰው በእኔ ዙሪያ የለም። ጋሼን ቁጭ አድርጌ የሰሙትን፣ ያዩትን ሁሉ እጽፋለሁ እያልሁ ስንት ዓመት አሳለፍሁ! “ለፋሲካ”፣ “ክረምቱ ይውጣና”፣ “ሥራ ቀለል ሲልልኝ” ስል ቆየሁ። በእጄ የቀረው በአንድ የደብተር ገጽ ላይ በችኮላ የጫርኋት ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ብቻ ናት። ይህችን መጣጥፍ የምጽፈው በዚያ ቁጭት ነው፤ አንባቢም እንደዚያው ይቀበለኝ።

ነገሬ አጭር ነው። የሙዚቃችንን ታሪክ የምናውቀው ከተቀዳው ነው፤ ከተቀዳው ይልቅ ያልተቀዳው እጅግ ይበዛል፤ ያልተቀዳው ደግሞ በአድማጮች ልብ ውስጥ ብቻ ስላለ ከአድማጮቹ ጋር ወደ መቃብር እየወረደ ነው።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። የሸክላ ማስቀረጽና የማስመጣት መብት ለረጅም ጊዜ የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ያንን ደፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረም ሸክላዎቹን ያስቀረጸው መጀመሪያ ሕንድ፣ ኋላም ሊባኖስ ልኮ ነው። ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ ባለው ጊዜ የወጡት ትናንሽ ሸክላዎች 500 ገደማ፣ ትልልቆቹም 30 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። አንዱ ትንሽ ሸክላ ሁለት ገጽ አለው፤ በየገጹ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ነው። ሁሉም ቢደመር፣ ትልልቆቹም ቢታከሉበት፣ ሰማንያ ሰዓት ቢሆን ነው። አሁን ደግሞ አንድ የሆቴል ባንድ በሳምንት ስድስት ምሽት፣ በየምሽቱ አራት ሰዓት ይጫወታል እንበል። ወርቃማ ዘመን እያልን የምንጠራው የዚያ ዘመን ሸክላ በሙሉ የአንድ ባንድን የአንድ ወር ሥራ አያህልም! የቀሩት ወራት፣ የቀሩት ባንዶች፣ የቀሩት ዓመታት የት ገቡ? በሰዎች ጆሮ ገብተው እዚያው ቀሩ።

ይህ በጃዝ ላይ ሲሆን ጉዳቱ የባሰ ነው። ዘፈን ግጥም አለው፤ አፍ ለአፍ ይተላለፋል፤ እናት እንጀራ ስትጋግር ታንጎራጉረዋለች፤ ልጅም ይወርሰዋል። የሳክስፎን ወይም የቫይብራፎን ድንገተኛ ፍልስፍና ግን አንድ ጊዜ ተነፍቶ፣ አንድ ጊዜ ተመትቶ ያልፋል። ነገ ያው ሰው ያንኑ ዜማ ይዞ ሲቆም ሌላ ነገር ይወጣዋል። የዚያች ሌሊት ምስክሩ አድማጩ ብቻ ነው።

የጌታቸው መኩሪያን ነገር ላንሣ። በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገለ፣ ሽለላና ፉከራን ከጦር ሜዳ አምጥቶ በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው። የውጭ አገር አድማጮች ሥራውን እንደ ሰሙ ከአሜሪካዊው ከአልበርት አይለር ጋር አስተያዩት። ንጽጽሩ ክብር እንጂ ስድብ አይደለም፤ በዚያ ፍቅር የተነሣም ጌታቸው በእርጅናው ዘመን ዚ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ባንድ ጋር የአውሮፓን መድረኮች ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 “ሞዓ አንበሳ” የተሰኘውን አልበም አወጣ። ነገር ግን አይለርን የሰማው አድማጭ የሚያስታውሰው አይለርን ነው። የአባቴ ወዳጅ ያንን ሳክስፎን ሲሰሙ ያስታወሱት አጎታቸውን ነበር። ከአምስት ዓመቱ የአርበኝነት ዘመን የተረፉ፣ በሠርግ ቤት ተነሥተው ሲፎክሩ ጎረቤት የሚያስደነግጡ አጎት ነበሯቸው አሉኝ። “እኔ መሣሪያውን አልሰማሁም፤ አጎቴን ነው የሰማሁት” ያሉኝ በዚያች ግማሽ ገጽ ላይ ተጽፏል። ይህንን የትኛው የሸክላ ልባስ ይነግረናል?

በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ የወጣው “ኢትዮፒክስ” የተሰኘው ተከታታይ ባይኖር ኖሮ ብዙው ሸክላ ዛሬ ከእጃችን በወጣ ነበር። ምስጋና ይገባዋል። የሙላቱ አስታጥቄ ዜማዎች ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 በሠራው ፊልም ገብተው በዓለም ሲናኙ ደስ ያላለው የለም። የእኔ ቅሬታ በእነርሱ አይደለም፤ በራሳችን ነው። እነርሱ የተቀዳውን ሰበሰቡ፤ የሚችሉት እርሱን ነውና። ያልተቀዳውን መሰብሰብ የሚችለው ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ከሽማግሌው ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ነው። እርሱ እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ አልሠራንም። ስናወራ ግን አንደኞች ነን! በየጠረጴዛው ዙሪያ፣ በየለቅሶ ቤቱ ድንኳን፣ በዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሳይቀር “ያኔ እኮ...” ብለን የምንጀምረው ወግ ማለቂያ የለውም። ሲነጋ ግን የተጻፈ ነገር የለም።

ትዝታ ይዋሻል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ትዝታ ቀለም ይቀይራል፤ ነጩን ሰማያዊ ያደርጋል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ ትዝታ ያምርለት ዘንድ የማይመቸውን ይተዋል። ስለ ወርቃማው ዘመን የሚጻፈውን ስናነብ አዲስ አበባ ሌት ተቀን ስትጨፍር የኖረች ትመስላለች። በዚያች ግማሽ ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው ነገር እንቅልፍ የሚነሣኝም ስለዚህ ነው።

ኤሊንግተን በአሜሪካ መንግሥት አስተባባሪነት አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1973 ነው። ሙላቱ አብሮት ሠርቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ሸልመውታል። ጋሼ ይህንን ታሪክ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራ ነበር። አንድ ቀን ግን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ “በዚያው ሰሞን እኮ የወሎ ሰው ይረግፍ ነበር። እኛ ተማሪዎች እናውቅ ነበር። ቀን ስለ ረሃቡ እየተሟገትን ዋልን፤ ማታ ለባብሼ ኤሊንግተንን ልሰማ ሄድሁ። ሙዚቃው ግን አማረኝ። ይህንን ለሰው አውርቼው አላውቅም።” የረሃቡን እልቂት ለዓለም ያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ የታየው ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነበር። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ኤሊንግተን ሞተ፤ ዓመት ሳይሞላም ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ያንን ምሽት ያለ ወሎ መጻፍ ውሸት ነው። ወሎን ብቻ ጽፎ ሙዚቃው አላማረም ማለትም ውሸት ነው። ሁለቱን በአንድ ልብ ይዞ የኖረ ሰው ብቻ ነው እውነቱን የሚነግረን፤ ያ ሰውም ከአርባ ዓመት ዝምታ በኋላ ነገረኝና ሄደ። ስንቱ ሳይናገር ሄዶ ይሆን?

እንዲሁ ነው የደርግም ዘመን። ሰዓት እላፊው መንገዱን ሲዘጋው የሙዚቃ ቤቶች አድማጮቻቸውን ይዘው በራቸውን ቆለፉ፤ ገብቶ ያመሸ ሰው የሚወጣው ሲነጋ ሆነ። እስቲ አስቡት፤ ውጭ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ፣ ውስጥ እስከ ንጋት የሚነፋ ሳክስፎን። እነዚያ ሌሊቶች አንዳቸውም እንደ ነበሩ በሸክላ ላይ የሉም። በሂልተን የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለትርኢት አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ መንገደኛ ሲጠብቅ ከመኪናው ሻንጣ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አሮጌ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ታትሞ ዓለም እንደ አዲስ ሰማው። በመካከል ባሉት ዓመታት እርሱን በሂልተን የሰሙ ስንቶች ነበሩ! አንዳቸው አንድ ገጽ ቢጽፉ ምን ነበረበት?

ቤቶቹም አይቆዩልንም። ያ ክርክር የተደረገበት ጃዛምባ እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ፤ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አብሮ ነደደ። የካዛንቺሱ ፈንድቃ አዝማሪ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2024 ሰፈሩ ሲፈርስ ከቦታው ተነሥቷል። ግድግዳ ሲሄድ የሚያስታውሰው ነገር ይጠፋል፤ ሰው “እዚህ ጋ ነበር የተቀመጥሁት” የሚልበትን ጥግ ያጣል።

ስለዚህ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንድ ልመና አለኝ። ጻፉ። ገጣሚ ነኝና የሙዚቃ ዕውቀት የለኝም አትበሉ፤ እንዲያውም የሚያስፈልገው የሙዚቃ ባለሙያ አይደለም። “ድንቅ ምሽት ነበር” ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ እርሱ ምንም አይነግረንም። ዓመቱን፣ ቤቱን፣ መግቢያው ስንት ብር እንደ ነበር፣ ከማን ጋር እንደ ሄዳችሁ፣ ማን ከመቀመጫው ተነሥቶ እንደ ፎከረ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ በምን ወደ ቤት እንደ ተመለሳችሁ ጻፉ። ያፈራችሁበትንም አትተዉ። ሁለት ሰዎች ባይስማሙ አታስታርቋቸው፤ ነጩንም ሰማያዊውንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። አስተናጋጇን ጠይቁ፤ ዘበኛውን ጠይቁ። የእነዚያን ሌሊቶች ወሬ እስካሁን የነገሩን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ በዚያው አዳራሽ የጨፈሩት፣ ያገለገሉት፣ የዘፈኑት ሴቶች ምን ሰሙ? ምን አዩ?

ጠይቁ የምላችሁ ደግሞ ነገ አይደለም። እኔ “ክረምቱ ይውጣና” ስል ጋሼ ሄዱ።

ያችን ግማሽ ገጽ ትናንት አውጥቼ ደግሜ አነበብኋት። ከታች በኩል፣ በራሴ የችኮላ ጽሕፈት፣ “ስለ ልብሱ ቀለም በደንብ ጠይቅ” የሚል ማስታወሻ አለ። አልጠየቅሁም።