ትልቁን ቁጥር አትግዙ

አምና ለጥምቀት ደብረ ታቦር አባቴ ዘንድ ስንሄድ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ስጦታ ነበር፤ ከቴሌግራም ላይ የገዛሁት፣ ያገለገለ የሩቅ ማያ ቴሌስኮፕ። አባቴ በልጅነቱ ጉና ሥር ከብት ይጠብቅ ነበር። ለሰባት ዓመቱ ልጄ የዚያን ዘመን ወሬ ሲያወራለት ሁልጊዜ የሚያነሣው ቀይ ቀበሮን ነው፤ እንዴት ረጋ ብሎ እንደሚራመድ፣ የአይጥ ጉድጓድ አጠገብ እንዴት አድብቶ እንደሚቆም። እኔም “አውርቶ ከሚያቆም ለልጅ ልጁ ያሳየው” ብዬ ነው የገዛሁት። ካርቶኑ ላይ “180” የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። 180 እጥፍ አቅርቦ ያሳያል ማለት ነው።

በማግሥቱ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ወጥተን ወደ ጉና አነጣጠርነው። አባቴ ዓይኑን አስጠግቶ ብዙ ቆየና ቀና አለ።

“አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጉናን አላመጣልኝም። ጉም ነው ያመጣብኝ።”

ልጄም ተራው ደርሶ ሞከረ፤ የራሱን ሽፋሽፍት ብቻ አየ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ማሸጊያ ላይ ትልቁን ቁጥር በትልቁ ፊደል የምናስጽፈው እኛው ነን። በገዛ ሙያዬ ተበላሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ እስክገዛ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ፣ ሳነብና በየሻጩ ቤት ሌንስ ሳገላብጥ ከረምኩ። እናንተ የእኔን ገንዘብ እንዳትደግሙት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በተለምዶ የጦር ሜዳ መነጽር የምንለው ባለ ሁለት ዓይኑ ላይ 8×42 የሚል ታገኛላችሁ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፤ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚተከለው ባለ አንድ ዓይኑ ቴሌስኮፕ ላይ ደግሞ 20–60×80 ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚስተካከል፣ የፊት ሌንሱ 80 ሚሊሜትር የሆነ ማለት ነው።

አሁን ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍሉት። የምታገኙት ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ዘንግ ስፋት ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5 ሚሊሜትር ያልፋል፤ ብሩህና ለዓይን የማያስቸግር ነው። 80 ለ20 ሲካፈል 4 ይሆናል፤ እሱም ጥሩ ነው። እዚያው ቴሌስኮፕ 60 ላይ ሲደርስ ግን 1.3 ብቻ ይቀራል፤ ምስሉ ይጨልማል። የእኔው ባለ 180 የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ነበር፤ ሲካፈል ከሲሶ ሚሊሜትር ያንሳል። አባቴ ጉም አየሁ ማለቱ እውነቱን ነው።

20 እጥፍ ደግሞ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ እንስሳ በ20 እጥፍ ሲታይ 50 ሜትር ላይ እንዳለ ነው። ለደጋው 20 እና 30 ይበቃል። ከዚያ በላይ ስትሄዱ እንስሳውን ብቻ ሳይሆን የነፋሱን ንቅናቄና የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብራችሁ ታጎላላችሁ።

ያገለገለ ሲገዛ

የስዋሮቭስኪ፣ የዛይስ፣ የላይካ፣ የኮዋ ወይም የኒኮን ሥራ የሆነ አሮጌ ዕቃ ብዙ ጊዜ ስሙ ካልታወቀ አዲስ ዕቃ ይሻላል። ጥሩ ሌንስ በአግባቡ ከተያዘ ለልጅ ይተርፋል። ግን ከስሙ ይልቅ የገዛ ዓይናችሁን እመኑ።

አንደኛ፣ በስልካችሁ መብራት ከፊት በኩል እያበራችሁ በማያው በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ከዚያ አዙራችሁ ድገሙት። ውጭ ላይ ያለ ቀጭን ጭረት ብዙም አይጎዳም። ውስጡ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው። በክረምት ርጥበት ታሽጎ የከረመ ዕቃ ላይ ይወጣል፤ እያደር የሌንሱን ቅብ ይበላዋል፤ ለማስጠረግም ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ አትፈትኑ። ወደ ውጭ ውጡና ሩቅ ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ያለውን መስቀል ፈልጉ። ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል? ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ሐምራዊ ቀለም ይፈሳል? ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ብዙ ከሆነ ሌንሱ ተራ ነው።

ሦስተኛ፣ የማስተካከያውን ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት። እኩል መዞር አለበት፤ ቆም ካለ፣ ካንሿከከ ወይም ከላላ ውስጡ አሸዋ ገብቶበታል አለዚያም ወድቋል። ዕቃውን ቀስ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት የሚንኳኳ ነገር መኖር የለበትም።

አራተኛ፣ ባለ ሁለት ዓይን ከሆነ ሳታቋርጡ ለአንድ ደቂቃ እዩበት። ምስሉ ሁለት ከሆነባችሁ ወይም ዓይናችሁን የሚስብ ስሜት ካለው ውስጡ ያለው ፕሪዝም ተዛብቷል። ሻጩ “ትለምዱታላችሁ” ቢላችሁ አትስሙት። የሚለመደው ራስ ምታት ነው።

አምስተኛ፣ የማያው ሌንስ አብሮ መሸጡን ጠይቁ። ብዙ ጥሩ ቴሌስኮፖች አካሉ ለብቻው፣ ማያው ለብቻው ይሸጣሉ፤ “ርካሽ አገኘሁ” ያለ ሰው ባዶ ቱቦ ይዞ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ሦስት እግሩን አትርሱ። 80 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ በእጅ ተይዞ አይታይበትም፤ ቀላልና የሚወዛወዝ ማቆሚያም ጥሩውን ሌንስ ከንቱ ያደርገዋል።

ለቤተሰብ የሚገዛ ከሆነ የማያው ጫፍ ወደ ላይ ታጥፎ የተሠራውን ምረጡ። ማቆሚያውን በትንሹ ልጅ ቁመት ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ትተክሉታላችሁ፤ ትልቁ ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል። እንደ አባቴ የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ካለ ደግሞ መነጽሩን ሳያወልቅ ሙሉ ምስሉ እንደሚታየው እዚያው አረጋግጡ። ልጆችን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አስተምሯቸው፤ በእነዚህ ዕቃዎች ወደ ፀሐይ ማየት ዓይንን ያጠፋል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነም ዕቃው ከመነሣቱ በፊት የጉምሩክን ደንብ ጠይቁ። ቦሌ ደርሶ ከመከራከር ይሻላል።

ሰዓትና ሥርዓት

ደጋ ላይ የማያ ሰዓት ከማለዳው 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያን ጊዜ የዓለም ምርጡ ቴሌስኮፕም አይረዳም። አመሻሹ ላይ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ።

ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ስትደርሱ ደግሞ ሦስት እግሩን ከመትከላችሁ በፊት ለአካባቢው ሰው ሰላምታ ስጡ፤ ምን ልታዩ እንደመጣችሁ ተናገሩ። ስሙ ራሱ የጦር ሜዳ መነጽር ነውና ያስጠረጥራል። ወደ ሰው ግቢና ወደ ካምፕ አታዙሩት። እኛ መጀመሪያ የምናሳየው ለባለአገሩ ነው፤ አንዴ ካየበት በኋላ የት እንደምንቆም የሚመራን እሱ ይሆናል።

ዘንድሮ

ዘንድሮ ለጥምቀት በድጋሚ ሄድን። ያገለገለ 8×42 እና 20–60×65 ቴሌስኮፕ ይዘናል፤ አንዱም “180” አይልም። ወረታ ሳንደርስ ፎገራ ሜዳ ላይ መኪናችንን ዳር አቆምን። ከአውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው ወደ ጣና ዙሪያ የሚመጡት ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ወፎች በታጨደው ማሳ ላይ ይለቅሙ ነበር። ጠጋ ብንል ይነሡ ነበር። ባለንበት ቆመን በቴሌስኮፑ ስናያቸው ግን አንዱም ቀና አላለም። ልጄ አንገታቸውን እየቆጠረ መኪና ውስጥ መግባት እምቢ አለ። ያኔ ምን እንደገዛሁ ገባኝ፤ የገዛሁት መቅረቢያ ሳይሆን መራቂያ ነው። እንስሳው ሳይረበሽ፣ እኛ ሳንቀርብ መተያየት።

በማግሥቱ ማለዳ አባቴ ወደ ጉና ወሰደን። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚነሡት ከእሱ ነው። አባቴ ሳሩን፣ ጅብራውን፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አየ። አንድ ሰዓት ያህል አየ። ንስር አሳየን፤ የሚፈልገውን ግን አላገኘም።

ሊያገኘውም አይችልም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። የቀሩት በስሜን፣ በወሎ ደጋ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአርሲና በባሌ ነው። ከጉና ጠፍቷል። በየተራራው ለቀይ ቀበሮ ጠላቱ አንድ ዓይነት ነው፤ እርሻና ግጦሽ ሽቅብ እየወጣ መኖሪያውን ያጠበዋል፤ ከሰው ጋር የሚመጡ ውሾች ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፉበታል። ይህን አንብቤ አውቅ ነበር። ለአባቴ ግን ቀድሜ ለመንገር አፌ አልታዘዘልኝም።

ልጄ “አባባ፣ የት ሄዱ?” ብሎ ጠየቀው።

አባቴ ዓይኑን ከማያው ላይ ሳያነሣ መለሰለት። “እኛ ወደ ላይ ወጣን ልጄ። እነሱ ከዚያ በላይ መሄጃ አልነበራቸውም።”

ቴሌስኮፑ አሁን ደረቅ ቦታ፣ ከቆዳ ቦርሳው ወጥቶ ተቀምጧል። ሰላም ከሆነ የሚቀጥለው ጉዟችን ወደ መንዝ ጓሳ ነው። አባቴ መነጽሩን እንዲያስለካ ቀጠሮ አስይዘንለታል።