ከቦሌ ባሕር ዳር «አንድ ሰዓት» ነው፤ ለማን?

«ባሕር ዳር እኮ ቅርብ ነው፤ አንድ ሰዓት ነው።» ይህ አነጋገር ከስብሰባ አዳራሽ እስከ ማኪያቶ ጠረጴዛ ድረስ እየተለመደ መጥቷል። የመንገዱ ነገር ሲነሳ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ «በአውሮፕላን ይሄዳላ!»

እስቲ ቁጥሩ ይታይ። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራውም አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በምድር የሚሄደው ግን ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ይወጣል። ከዚያ በሞጣ ቢሄድ ጠቅላላ ጉዞው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ቢዞር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በደጉ ጊዜ ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ በዚያው ቀን ጣና ዳር ይደርስ ነበር።

ዛሬ ያ መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም። በኬላ ብዛት፣ በተኩስ ወሬና በማስለቀቂያ ገንዘብ ነው። በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው የሚመለሱ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው፣ ከመቶ በላይ መንገደኞች መታገታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። እነዚያ ልጆች አውሮፕላን መኖሩን ሳያውቁ ቀርተው ነው? ወይስ የቲኬቱ ዋጋ ከወላጆቻቸው አቅም በላይ ስለነበረ?

ጥፋቱ የአየር መንገዱ አይደለም። እሱ ሥራው ማብረር ነው፤ ያበርራል። ጥያቄው መንገድ ማስጠበቅ ሥራው ለሆነው አካል ነው። ሰማዩም ቢሆን ዋስትና አልሆነም፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ ወደ ላሊበላና ጎንደር የሚደረጉ በረራዎች ተቋርጠው ነበር።

ደግሞስ አውሮፕላኑ ምኑን ተሸክሞ ይዘልቀዋል? የጎጃም ጤፍ በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ነዳጅ በጭነት መኪና ነው የሚሄደው። ሹፌሩ ሲፈራ፣ ሲዘረፍ፣ በየኬላው ሲከፍል፣ ሒሳቡ የሚወራረደው አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላይ ነው። «በአውሮፕላን ይሄዳላ» ያለው ሰውም ያንን ዕዳ በእንጀራው ይከፍላል።

የአውሮፕላኑን መሙላት እንደ ዕድገት የሚቆጥሩም አልጠፉም። አበው «በቅሎ ገመዷን በጠሰች፤ በራሷ አሳጠረች» ያሉት ለዚህ ነው። ባለሥልጣኑ በአውሮፕላን ብቻ የሚደርስበት ከተማ፣ ሥልጣኑ ከማኮብኮቢያው አጥር የማያልፍበት ከተማ ይሆናል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ግልጽ ነው። የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ በየዕለቱ በይፋ ይነገር። ስንት ሰው እንደታገተ፣ ስንቱ እንደተለቀቀ ለሕዝብ ይገለጽ። በኬላ የሚሰበሰበው ሕገ ወጥ ገንዘብ ይቁም። ግጭቱም በድርድር እልባት ይፈለግለት፤ ያለዚያ ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው።

እስከዚያው ድረስ «አንድ ሰዓት ነው» የሚል ባለሥልጣን ካለ አንድ ነገር ያድርግ፦ ያለ አጀብ፣ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ከአዲስ አበባ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ይውረድ። ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ያኔ ይንገረን።