የቴምር ችግኝ ዕቃው ሲጠበው



በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ቴምር ከብዙ ቤት አይጠፋም። ታላላቆቹ ቴምሩን ሲበሉ ትንንሾቹ ዘሩን ይሰበስቡና በወተት ጣሳ አፈር አድርገው ይቀብሩታል። ከሳምንታት በኋላ ሣር የመሰለች አንዲት ቅጠል ብቅ ስትል ቤቱ በደስታ ይሞላል። ዓመት ሲያልፈው ግን ጣሳው ይዝጋል፣ ሥሩ በቀዳዳው ይወጣል፣ የቅጠሉም ጫፍ መድረቅ ይጀምራል። በዚህ ወር ከአያቶች የደረሱኝ ጥያቄዎች በዚሁ ዙሪያ ናቸው፤ በምን ዕቃ ላዛውረው? ምን አፈር ልስጠው? ቢጫ የሆነውስ ይተርፋል ወይ? የዛሬውን ገጽ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ዕድሜዬን ጤና ጣቢያ የጨረስኩ ሰው ነኝና ስለ ችግኙ ሳወራ የልጆቹን ጤና ማንሣቴ አይቀርም።

ሥሩ ከቅጠሉ ይቀድማል

ቴምር እንደ ባቄላ አይበቅልም። ዘሩ ውኃ ጠጥቶ ሲነቃ መጀመሪያ ወደ ታች አንድ ወፍራም ክር ይሰዳል። ቅጠሏም በቀጥታ ከዘሩ ሳይሆን ከዚያ ክር ጫፍ አካባቢ ተነሥታ ወደ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ቅጠሏ ገና የጣት ርዝመት ሳላት ሥሩ ስንዝር ሊሞላ ይችላል። ዘሩም ከችግኙ ጋር ተያይዞ ይቆያል፤ የችግኙ ስንቅ ነውና ቆርጣችሁ አትጣሉት።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዕቃው ከስፋቱ ይልቅ ጥልቀቱ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ሥሩ አይቆረጥም። የብዙ ዛፍ ችግኝ ሥሩ ሲከረከም ከተቆረጠበት እየገነጠለ ይተካል። የዘንባባ ወገን የሆነው ቴምር ግን አዲስ ሥር የሚያበቅለው በዋናነት ከግንዱ ግርጌ ነው። ለጋ ሆኖ ዋናው ሥሩ ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ ዕድገቱ ይቆማል፤ አንዳንዱም ይሞታል።

ለልጆቹ ከወዲሁ እውነቱን ንገሯቸው። ቴምር ወንድና ሴት አለው፤ ከዘር የበቀለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ስለሚሆን አያፈራም። ሴቷም ብትሆን ፍሬ ለማየት ከ4 እስከ 8 ዓመት ትፈልጋለች፤ ፍሬዋም የበሉትን ቴምር ላይመስል ይችላል። ከዚያ ላይ ረጅም ሙቀትና ደረቅ አየር ይሻል፤ አፋር ውስጥ በአሳይታና በአፋምቦ የሚያፈራው ለዚህ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ላይ ያለ ሰው ለቅጠሉ ውበት ብሎ ያሳድገው።

የትኛው ዕቃ ይሻላል?

ለመጀመሪያው ማዛወር ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር የአፍ ስፋት ያለው ዕቃ ይበቃል። «አንድ ጊዜ ትልቅ ልስጠውና ልረፍ» ማለት አያዋጣም። ትንሽ ሥር በትልቅ ዕቃ ውስጥ ያለውን ውኃ ጠጥቶ አይጨርሰውም፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ረጥቦ ይከርማል፣ መበስበስም ከዚያ ይጀምራል። በየማዛወሪያው ስፋቱን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር መጨመር ይበቃል።

ሸክላ ይተነፍሳል። ውኃው በጎንና በጎኑ ስለሚተን ለአዲስ አበባ፣ ለደብረ ብርሃንና ለመሳሰሉት ቀዝቃዛና ዝናባማ ቦታዎች ጥሩ ነው። በድሬዳዋና በአዋሽ ሙቀት ግን ቶሎ ስለሚደርቅ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። በሞቃት አገር ፕላስቲክ ይሻላል፤ ጥቁሩ ፀሐይ ላይ ሲውል ሥሩን ስለሚቀቅለው ነጣ ያለውን ምረጡ ወይም ዕቃውን ጥላ ውስጥ አድርጋችሁ ቅጠሉን ለብርሃን ስጡ።

ገንዘብ ማውጣት ግድ አይደለም። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አንገቱ ተቆርጦ በሳሙና ከታጠበ ለቴምር የሚስማማ ጥልቀት አለው። በጋለ ሚስማር ከታች 5 ወይም 6 ቀዳዳ ብሱ። የተቆረጠው ጠርዝ የልጅ እጅ እንዳይቆርጥ በፕላስተር ወይም በተሰነጠቀ የውኃ ጎማ ሸፍኑት። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይፈስ ቁራጭ የመስኮት ወንፊት አንጥፉ። አጎበር ግን አትቁረጡ፤ እርሱ አልጋ ላይ ይዋል።

የማትጠቀሙባቸው ዕቃዎች አሉ። የፀረ-ተባይና የፀረ-አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ለምንም አይሁን። የባትሪ አሲድ የነበረበት ጀሪካንም እንዲሁ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል የተላላጠ አሮጌ የቀለም ባልዲ ልጅ ባለበት ቤት አታስገቡ። አፈር ነክቶ እጁን አፉ የማያስገባ ሕፃን አላየሁም።

ክብደቱንም አስቡ። 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ30 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። አያቶች ወገባችሁን ጠብቁ፤ ዕቃውን መጀመሪያ የሚቀመጥበት ቦታ አድርሱት፣ አፈሩን እዚያው ሙሉት። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ የበረንዳው ብረት ላይ አትስቀሉት፤ ሥር ልጆች ይጫወታሉ።

ከታች ጠጠር መደርደር ይቅር

ብዙዎቻችን ውኃ እንዲወርድ ብለን ከዕቃው ሥር ጠጠር እንደረድራለን። ይህ ግን የታሰበውን አይሠራም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትላልቅ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ጠጠሩ ጭቃውን ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል።

ከልጆቹ ጋር በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ሞክሩት። ስፖንጁን በውኃ አጥግባችሁ አግድም ያዙት፤ መንጠባጠቡ ሲያቆም ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። እንደገና ውኃ ይወርዳል። ስፖንጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። ረጅም ዕቃ ከአጭር ዕቃ ይልቅ ለቴምር የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ውኃን የሚያስወጣው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነ ልል አፈር ነው።

አፈሩን እንዴት እናዋሕደው?

ብዙ ችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ ወይም የጫካ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። ለቡናና ለአትክልት ይህ መልካም ነው። ቴምር ግን ውኃ የሚያሳልፍ አፈር ስለሚወድ አሸዋውን ከፍ፣ ብስባሹን ዝቅ እናደርጋለን።

ለአዲስ አበባና ለደጋ፦ 2 ጣሳ ቀይ አፈር፣ 1 ጣሳ የበሰለ ብስባሽ፣ 2 ጣሳ ሻካራ የወንዝ አሸዋ።
ለድሬዳዋ፣ ለአዳማና ለቆላ፦ 2 ጣሳ አፈር፣ 1 ጣሳ ብስባሽ፣ 1 ጣሳ አሸዋ።

በአሸዋው ምትክ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር መጠቀም ይቻላል። ዱቄቱ በወንፊት ይውጣለት፤ ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያክለው ይቅር። ቀላልና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ አየር ይይዛል፣ ዕቃውንም አያከብደውም።

ጥቁር የመረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሥር ይበጥሳልና ለዕቃ አይሆንም። ከባሕር ዛፍ ሥር የተዛቀ አፈርም ለችግኝ አይመችም። አመድ መነስነስ የለመዳችሁ ለቴምሩ ቀንሱለት፤ ሲበዛ ችግኙ ብረትና ማንጋኒዝ የተባሉትን ማዕድናት ከአፈሩ እንዳይወስድ ያደርገዋል፣ አዲሱ ቅጠልም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። የቡና አተላ በየቀኑ ዕቃው ላይ መድፋትም እንዲሁ ይቅር፤ ይሻግታል፣ ላዩንም እንደ ልጥፍ ይደፍነዋል። ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ይግባና ከሌላው ጋር ይብሰል።

ብስባሽ ስል የበሰለውን ማለቴ ነው። እበት ወይም ፋንድያ ቢያንስ 3 ወር ተከምሮ፣ ተገላብጦ፣ ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር መሽተት አለበት። ጥሬው ሥር ያቃጥላል፤ ለልጆችም የተቅማጥ ተሕዋስያን ያመጣል። አፈሩን ስታዋሕዱ ቀድማችሁ በትንሽ ውኃ አርጥቡት። አቧራው ለአስም ሕመምተኛ ጠላት ነው።

መዋሐዱን ለማወቅ በእፍኝ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ተጣብቆ ከቀረ ጭቃ በዝቷል፤ አሸዋ ጨምሩ። ጨርሶ ካልያዘ አሸዋው በዝቷል። ይዞ በጣት ሲነኩት ከፈረሰ ልክ ነው። ዕቃው ሞልቶ ውኃ ሲፈስበትም ላዩ ላይ ሳይቆም ቶሎ ወደ ታች መውረድ አለበት።

የማዛወሪያው ቀን

በደጋ ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ፣ ጥሩ ጊዜ ነው። ክረምት ከገባ በኋላ የተዛወረ ችግኝ በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ሥር አያወጣም። በድሬዳዋ በኩል ግን የግንቦትንና የሰኔን ሐሩር ሽሹ።

ከቀኑ በፊት በነበረው ምሽት ውኃ አጠጡት። በማግሥቱ ፀሐይ ስትበርድ ጣሳውን በጎኑ ቁረጡት እንጂ ችግኙን በቅጠሉ ይዛችሁ አትጎትቱ። ሥሩ ጣሳው ውስጥ ተጠምዝዞ ብታገኙትም አትከርክሙት፤ ከነአፈሩ ወደ አዲሱ ዕቃ አውርዱት። ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ላይ ይተከል። የቅጠሉ መነሻ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ሥሩ ከተጋለጠም ይደርቃል። በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አጥብቁት፣ ውኃ ስጡት፣ ለ2 ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆዩት። ዩሪያም ሆነ ሌላ ማዳበሪያ ለ2 ወር አይቅረብ። ከዚያ በኋላ ውኃ የምትሰጡት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ከትታችሁ ደረቅ ስታገኙት ብቻ ነው።

ቢጫ የሆነውን በዚያው ቀን መርምሩት። ሥሩ ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ የቸገረው ቦታ ነበር፣ አዲሱ ዕቃ ያድነዋል። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከላላ፣ ቢጫን ብቻ ሳይሆን የብስባሽ ሽታን ካሸተታችሁ፣ በውኃ ብዛት ታምሟል። በደረቅ አሸዋማ አፈር፣ በትንሽ ዕቃ ተክላችሁ ዕድሉን ስጡት። መሐሉ ላይ ያለው አዲስ ቅጠል ሲሳብ ተነቅሎ ከመጣ ግን አልቆለታል ማለት ይቻላል። ልጁን ሌላ ዘር አስተክሉት።

ከዕቃው ሥር ያለው ሳህን

ይህን ለድሬዳዋ፣ ለአፋርና ለሶማሌ ክልል አንባቢዎቼ በተለይ እጽፈዋለሁ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤዴስ የተባለችው ትንኝ ቀን ትናከሳለች፤ የምትራባውም በቤት ዙሪያ በሚቆም ንጹሕ ውኃ ነው። በርሜል፣ አሮጌ ጎማ፣ ከአበባ ዕቃ ሥር ያለ ሳህን ሁሉ ይመቻታል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በድሬዳዋ ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሲም በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባ ናት።

በሙቀት ጊዜ እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከሳምንት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሳህኑን በሳምንት አንድ ቀን መድፋት ግዴታ ነው። መድፋት ብቻ ግን አይበቃም፤ የኤዴስ እንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ደረቅ ሆኖ ወራት መቆየት ይችላል። በብሩሽ ፈትጉት። የተሻለው ግን ሳህኑን ማስወገድና ዕቃውን በሁለት ጡብ ላይ ማቆም ነው።

እሾሁና መንጋጋ ቆልፍ

ቴምር ሲያድግ ከቅጠሉ ግርጌ መርፌ የመሰለ እሾህ ያወጣል። የዘንባባውም እንዲሁ። ልጅ በሚሮጥበት መንገድና በልጅ ዓይን ቁመት ላይ አታስቀምጡት። እሾሁ ወግቷችሁ ስባሪው ከቀረ፣ በተለይ ከጣት ወይም ከጉልበት መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ፣ ከሳምንታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል። ጤና ተቋም ስትሄዱ «የተክል እሾህ ወግቶኝ ነበር» ብላችሁ ተናገሩ። በተራ ራጅ ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ካልተናገራችሁ ባለሙያው ሌላ ነገር ሊጠረጥር ይችላል።

የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ በአፈርና በፍግ ውስጥ ይኖራል። ሕፃናት በመደበኛው ክትባት፣ እናቶች በእርግዝና ጊዜ መከላከያውን ያገኛሉ። ብዙ አባቶችና አያቶች ግን አልወሰዱትም፣ ወይም መቼ እንደወሰዱ አያስታውሱም። አፈር የምትነኩ ከሆነ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁስል ሲያጋጥማችሁም ወዲያው በውኃና በሳሙና እጠቡት።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ አለኝ። ሳይካስ የሚባለው አጭር ግንድና ጠንካራ ቅጠል ያለው የግቢ ተክል ዘንባባ ይመስላል እንጂ ዘንባባ አይደለም። ሁሉም ክፍሉ፣ ይልቁንም ቀይ ብርቱካናማ ፍሬው፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። ልጅ ወይም ውሻ ካለ ፍሬውን ልቀሙና አስወግዱ። ልጁ ከቀመሰ ማስታወክ እስኪጀምረው ሳትጠብቁ ፍሬውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

በዚህ ሳምንት መጨረሻ ሥራውን ተከፋፈሉት። አያት አፈሩን ይጨብጡ፣ እናት ወይም አባት ጀሪካኑን ይቁረጡ፣ ልጁ ውኃ ያጠጣ። በየቅዳሜው ሳህኑን መድፋትም የልጁ ኃላፊነት ይሁን፤ እጁን በሳሙና መታጠቡን ግን እናንተ ተከታተሉ። መልካም ሰንበት።