ድመቷን ፍቷት

ደጀን ላይ ጤፍ የሚነግድ ሰው ሁለት ስጋት አለበት፤ የዋጋ መውረድና የአይጥ መብዛት። ለመጀመሪያው መላ የለውም። ለሁለተኛው የድመት ግልገል ያፈላልጋል፤ ካገኘ በኋላ ደግሞ እንዳትጠፋበት አንገቷን በገመድ አስሮ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጣታል።

በቅርቡ አንድ እህል ቤት ገብቼ ያየሁት ይኼንኑ ነው። ከማዳበሪያ የተመዘዘ ክር አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ጠጉሯን መልጦታል። አጠገቧ ውኃ የለም። ገመዱ ከማይደርስበት ጥግ አይጦች ከጆንያ ሥር የፈሰሰውን ጤፍ ይለቅማሉ። ባለቤቱን ብጠይቀው «እስክትለምድ ነው» አለኝ።

ይኼን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያደርገዋል። እኔ ክርስቲያን ብሆንም በዚህ ጉዳይ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ትምህርት ቁርጥ ያለ ነገር እንዳለው መመስከር እወዳለሁ። ቡኻሪና ሙስሊም የተባሉት ሊቃውንት በዘገቡት የታወቀ ሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ በተላለፈ ቃል፣ አንዲት ሴት በድመት ምክንያት ለእሳት ተዳርጋለች። ሴትዮዋ ድመቷን አልደበደበቻትም፤ አልመረዘቻትምም። አስራ አላበላቻትም፣ የምድር ተባይ ለቅማ እንድታድርም አልለቀቀቻትም፤ ጥፋቷ ይኸው ነው። ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ወይ አብላ፣ ወይ ልቀቅ።

ሌላም ታሪክ አለ። አቡ ቀታዳ የተባሉት ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ፣ ሊያደርጉ ምራታቸው ከብሻ ውኃ ስትቀዳላቸው ድመት መጣች። ዕቃውን ዘንበል አድርገው አጠጧት። ምራታቸው በመገረም ስታያቸው፣ ድመት ነጃሳ (ርኩስ) እንዳልሆነችና በሰው ዙሪያ ከሚመላለሱ ቤተኞች እንደምትቆጠር ከነቢዩ መስማታቸውን ነገሯት። ብዙ ሐዲስ በማስተላለፍ የሚታወቁት አቡ ሁረይራም ይኼን ቅጽል ያገኙት ከድመት ጋር በነበራቸው ወዳጅነት ነው።

ነቢዩ የተኛች ድመት ላለመቀስቀስ የልብሳቸውን እጅጌ ቆረጡ የሚለው ወግ ግን በታወቁት የሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም። ሕዝብ ከፍቅሩ የጨመረው ነው። ፍቅሩ በተግባርም ታይቷል፤ የግብጹ ሱልጣን በይበርስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ አጠገብ የነበረ የአትክልት ቦታ ለድመቶች ቀለብ ወቅፍ (ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት) እንዳደረገ ይነገራል።

እኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ቡና ይጠራራል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ቢላዋው ይለያል። ድመት ይኼን አታውቅም። በሁዳዴ የእኛ ቤት ሽሮ ብቻ ሲሆንባት አጥር ዘልላ ሙስሊሙ ጎረቤት ጋ ትሄዳለች፤ ማንም ሃይማኖቷን አይጠይቃትም። እህሉንም የምትጠብቀው ለሁሉም ነው።

«ከፈታኋት ትጠፋለች» የሚል አይጠፋም። ድመት የምትለምደው የሚያበላትን ቤት ነው። አዲስ የመጣችን ግልገል ሁለት ሦስት ሳምንት ምግብና ውኃ እያቀረቡ ቤት ዘግቶ ማላመድ ይበቃል፤ ገመድ አያስፈልግም። «ከጠገበች አታድንም» የሚለውም ስህተት ነው፤ ድመት ጠግባም ታድናለች። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለን የምናማት እኛው አይደለንም? ነጋዴው የፈለጋት ለዚያው ዓመሏ ነው፤ አስሮ ግን ዓመሏን ነሳት። የአይጥ መርዝ የምትበትኑም፣ የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት እንደምትችል አትርሱ።

ስለዚህ የእህል ነጋዴዎች፣ ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም፣ ክሩን ዛሬውኑ ቁረጡ። ከጆንያው አጠገብ አንድ ጣሳ ውኃ አኑሩ። ማብላት ካቃታችሁ ደግሞ በሩን ክፈቱላት፤ ራሷን ችላ ታድራለች።