የአባት ፍላሽ ወይስ የእቁብ ፍላሽ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የፍቅር አይደለም። ግን ኩርፊያ አለበት፣ ገንዘብ አለበት፣ የሰው ሰርግም አለበት። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። ከአብሮ አደጉ ጋር ግማሽ በግማሽ አዋጥተው ያገለገለ ካነን 700ዲ ካሜራ ገዝተዋል። ለጥር አንድ ሰርግ ሊያነሱ ቀብድ በልተዋል። የቀራቸው ፍላሽ ብቻ ነው፤ ጠቡም የተነሳው እዚሁ ላይ ነው። አባቱ በፊልሙ ዘመን ፎቶ አንሺ ነበሩና ሲያልፉ አንድ ቪቪታር 283 ፍላሽ ትተውለታል። እሱ «እኛን ያሳደገ ዕቃ ነው፣ በዚህ እንሥራ» ይላል። ጓደኛው ደግሞ «እቁቤ ወጥቷል፣ አዲስ እንግዛ፤ ያንን ሙዚየም አስገባው» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። «ማነው ትክክል?» ሲል ይጠይቀኛል።

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ስለ አባትህ ዕቃ የተናገረው ንግግር ደግ አይደለም፤ ይቅርታ ይጠይቅህ። ስለ ሰርጉ ግን እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ለምን? እስቲ ረጋ ብለህ ስማኝ።

በመጀመሪያ፣ ያንን ፍላሽ ሳትለካው ካሜራው ላይ እንዳትሰካ! ቪቪታር 283 በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ ለብዙ ዓመታትም የተሠራ ፍላሽ ነው። በአባትህ ጊዜ ካሜራው ፍላሹን የሚያስነሳው እንደ መብራት ማብሪያ ሁለት ብረት በማነካካት ነበርና ከፍ ያለ ቮልት ቢያልፍበትም ግድ የለውም። የዛሬው ካሜራ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ስስ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ከመጀመሪያዎቹ፣ ጃፓን ከተሠሩት 283ዎች መካከል ከ200 ቮልት በላይ የሚያሳዩ አሉ። በኋላ ኮሪያና ቻይና ከተሠሩት ደግሞ 10 ቮልት የማይሞሉ ብዙ ናቸው። ከውጭ ስታያቸው ግን መንታ ናቸው!

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤት ካለህ ቴስተር ተዋስ። ፍላሹን ለብቻው አብራና መብራቷ እስክትበራ ጠብቅ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ከፍላሹ እግር መሐል ካለችው ነጥብ፣ ሌላውን ከጎን ካለው ብረት አስነካ። ከ6 ቮልት በታች ካሳየህ በሰላም ሰካ። 200 ካሳየህ ካሜራው አጠገብም አታድርሰው። በመካከል ቢሆንስ? እኔ ብሆን አልሰካም። ደግሞ አደራ፣ ልፍታው እንዳትል። ጠፍቶም እንኳ ውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

እሺ፣ ቮልቱ ተስማማ እንበል። ታዲያ ፍላሹ መጥፎ ነው ወይ? ኧረ በጭራሽ! ጉልበቱ በአይኤስኦ 100 ወደ 36 ነው። 36ን ለ8 ስታካፍል 4 ተኩል ይመጣል፤ በኤፍ 8 እስከ 4 ሜትር ተኩል ያበራልሃል ማለት ነው። የራሱ ዓይን ስላለው የተመለሰውን ብርሃን አይቶ «በቃ» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ተቀምጠው ለሚነሱ ሰዎች ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ሰርግ ግን አይቀመጥም። ሙሽሮቹ የሽማግሌ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አንዴ ካመለጠህ «እስቲ ድገሙልኝ» አትልም። የ283 ጭንቅላት ወደ ላይ ይቀናል እንጂ ወደ ጎን አይዞርም። ካሜራውን ስታቆመው ጣሪያ ላይ ይነጥር የነበረው ብርሃን ግድግዳ ላይ ይሄዳል። መናፈሻ ውስጥ፣ በቀትር ፀሐይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 700ዲ ከፍላሽ ጋር የሚሠራው እስከ 1/200 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ወደ ኤፍ 11 ትወርዳለህ፤ ፍላሹም ከ3 ሜትር ብዙ አያልፍም። አዲሶቹ ከ1/200 በላይም ይሠራሉ፤ ጉልበታቸው ቢቀንስም የሙሽራውን ፊት ከጥላ ያወጡታል።

ሌላው ልዩነት ቲቲኤል የሚባለው ነው። አዲሱ ፍላሽ ከዋናው ብርሃን በፊት ትንሽ ብልጭታ ይልክና ካሜራው ራሱ በሌንሱ በኩል ይለካል። እየሄድክ፣ እየቀረብክ፣ እየራቅክ ታነሳለህ። ፍጹም ነው አልልህም። ነጭ ቬሎ ፍሬሙን ከሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይሳሳትና የሙሽሪትን ፊት ያጠቁርብሃል። ያኔ የፍላሹን መጠን ከፍ አድርግ።

«አዲስ» ስልህ ግን ከፋብሪካ ትናንት የወጣ ማለቴ አይደለም። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ካነን 430ኢኤክስ 2 ያገለገለ ብታገኝ ከካሜራህ ጋር እንደ ወንድም ይግባባል። የፊልሙን ዘመን 430ኢዜድ ግን «ካነን እኮ ነው» ብሎ ቢያቀርብልህ ተጠንቀቅ። ይሰካል፣ ይበራል፣ በዲጂታል ካሜራ ላይ አውቶማቲኩ አይሠራም። ስለዚህ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ፊደል አንብብ። ከጎዶክስና ከዮንግኑዎም ርካሽ አለ፤ ነገር ግን ጎዶክስ ቲቲ600 እና ዮንግኑዎ 560 ካሜራ ላይ ሲሰኩ ቲቲኤል የላቸውም። ለካነን የተሠራ መሆኑንም ጠይቅ፣ የኒኮኑን ቢሸጡልህ ቲቲኤሉ አይሠራልህም።

(ካነን 2000ዲ፣ 4000ዲ ወይም 250ዲ ለያዛችሁ አንባቢዎቼ በጎን አንድ ቃል፦ ካሜራችሁ አናት ላይ መሐለኛዋ ነጥብ ስለሌለች የድሮ ፍላሽ ጨርሶ አይነሳላችሁም።)

ባትሪን በተመለከተ፣ የራሱ ሊቲየም ያለው ፍላሽ ቶሎ ይሞላል፣ ብዙም ይተኩሳል። ግን እሱ ሲሞት ምትክ ፍለጋ መንከራተት ነው። በተራ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን እመርጥልሃለሁ፤ ድንጋይ የትም ሱቅ አለ። ቻርጅ የሚደረገውን ሁለት ሙሉ ስብስብ ያዝ።

የአባትህን ፍላሽ አትሽጠው። በሬዲዮ ትሪገር፣ ከካሜራው ርቆ፣ ከሚጨፍሩት ሰዎች ጀርባ ቢቆም አዳራሹን ያሳምርልሃል። የትሪገሩ ተቀባይ ስንት ቮልት እንደሚችል ግን አስቀድመህ አረጋግጥ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እቁቡ የጓደኛህ ስለሆነ ፍላሹም ለጊዜው የእሱ ይሁን። የሰርጉ ቀሪ ክፍያ ሲመጣ መጀመሪያ የፍላሹን ግማሽ ከድርሻህ ክፈለው፤ ያኔ የጋራ ይሆናል። ይህንን ከጥር በፊት በወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።